በረመዳን ስፖርት ስንት ሰዓት ላይ ይሻላል? መሀል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው የአራት ምርጫዎች ንጽጽር

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። ስፖርቱን ልተወው ወይስ ልቀጥል? ከቀጠልኩስ ስንት ሰዓት ላይ? አንዱ «ከሱሁር (ጎህ ሳይቀድ ከሚበላው) በኋላ ነው የሚሻለው» ይላል፣ ሌላው «ሳታፈጥር ከሠራህ ስብ ይቃጠላል» ይላል፣ ሦስተኛው ከተራዊህ (ከረመዳን የማታ ሰላት) በኋላ ጂም ካልገባ ሰው አይመስለውም። ሁሉም የየራሱን ስለሚያወራ ጀማሪው ግራ ይጋባል።

እኔ አራቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። የምኖረው ፒያሳ፣ ሥራዬ ስታዲየም አካባቢ ነው። ስለዚህ የምጽፈው በታክሲና በእግር ለሚመላለስ፣ ጠዋት ሥራ ለሚገባ፣ ማታ ተራዊህ ማምለጥ ለማይፈልግ ሰው ነው።

መጀመሪያ የከተማችንን ሰዓት እንይ

የካቲት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ፈጅር (የንጋት ሰላት) የሚገባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማግሪብ (ማፍጠሪያው) ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ። ጾሙ ከ13 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ እየተሳበ በየትኛውም ወር ቢመጣ ይሄ ብዙም አይለወጥም።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ስለ ረመዳን ስፖርት የሚጻፈው አብዛኛው ምክር የተጻፈው በበጋ 17 እና 18 ሰዓት ለሚጾሙ የአውሮፓ ሰዎች ነው፣ ወይም ከተማው ሁሉ ሌሊቱን ነቅቶ ቀን ለሚያርፍባቸው የዓረብ አገሮች። እኛ ጋ ሌሊቱ ወደ 11 ሰዓት ይጠጋል። ለመብላትም ለመጠጣትም ከበቂ በላይ ነው። ግን መሥሪያ ቤት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ግባ ይላል፣ ረመዳን ነው ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ጾመኛውን የሚያደክመው ከረሃቡ ይልቅ የእንቅልፍ እጦቱ ነው። ይህን ካልያዝን ንጽጽሩ ሁሉ ይበላሻል።

በምን በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ውሃ ነው። ላብ ካላበን በኋላ ውሃ የምናገኘው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የየካቲት አየር ደግሞ ደረቅ ነው፣ ላብ ባናይ እንኳን በትንፋሽ ብቻ ውሃ ይወጣል። ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ የሚሆን ውሃ ሲጎድል አቅም በግልጽ መቀነስ ይጀምራል። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው ይሄ አንድ ሊትር ተኩል አይሞላም።

ሁለተኛው እንቅልፍ። ሦስተኛው ኢባዳ (አምልኮ)፦ ሰዓቱ ጀመዓ (የኅብረት ሰላት) ወይም ተራዊህ ያስቀራል ወይ? አራተኛው ምግብ፣ ማለትም በዚያ ሰዓት ሰውነት ውስጥ ጉልበት አለ ወይ፣ ሆድስ ከብዶታል ወይ? የመጨረሻው ኪስና መንገድ ነው፤ የጂም ክፍያ፣ የማታ ታክሲ፣ የሰፈሩ መብራት።

የምሳ ሰዓትን ከምርጫው ውስጥ አላስገባሁትም። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሠርቶ ስድስት ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ለማንም አልመክርም።

አንደኛ፦ ከፈጅር በኋላ

ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። ሱሁር ተበልቷል፣ ውሃ ተጠጥቷል፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው። መስቀል አደባባይ በዚያ ሰዓት ደረጃው ላይ የሚሮጠው ሰው ብዛቱ ራሱ ያነቃቃል።

ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። 12 ሰዓት ላይ ያላባችሁትን ውሃ የምትተኩት ከ12 ሰዓት በላይ ቆይታችሁ ነው። ጠዋት ምንም አይሰማችሁም፣ ከዙሁር (ከቀትር ሰላት) በኋላ ግን ራስ ምታቱ ይጀምራል፣ አስር ላይ ሰው ሲያናግራችሁ ትነጫነጫላችሁ። በዚያ ላይ ስፖርቱ ከሱሁር በኋላ የምትተኟትን አንድ ሰዓት ይበላባችኋል። ያቺ አንድ ሰዓት በረመዳን ወርቅ ናት።

ለማን ይሆናል? ላብ ለማያስወጣ ነገር። ማፍታቻ፣ የ15 ደቂቃ እርጋታ ያለው እርምጃ ከመስጂድ ወደ ቤት። ሶምሶማ ግን ይቅር። ጠዋት ካልሮጥኩ ቀኑ አይጀመርልኝም የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ፤ ለአንድ ወር በእርምጃ ለውጡት።

ሁለተኛ፦ ከማግሪብ በፊት ያለው አንድ ሰዓት

ይሄ ነው ብዙ የሚያከራክረው። ሰውነት በዚያ ሰዓት ባዶ ነው፣ ጉበት ውስጥ የተጠራቀመው ስኳር ወደ ማለቁ ነው፣ ጥማቱም ጫፍ ደርሷል። እንግዲያው ለምን ይመከራል? ምክንያቱም ውሃው ቅርብ ነው። 12 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብትጨርሱ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አዛን ነው። ያጣችሁትን ወዲያው ትተካላችሁ። እንቅልፍ አይነካም፣ ተራዊህ አይነካም፣ ገንዘብ አያስወጣም።

ስቡ ይቃጠላል የሚባለውን በተመለከተ፣ ባዶ ሆድ ሲሠራ ሰውነት በዚያ ሰዓት ስብ የበለጠ መጠቀሙ እውነት ነው። ግን ማታ ስድስት ሳምቡሳ ከተበላበት ሒሳቡ ዜሮ ነው። ክብደትን የሚወስነው የሙሉ ቀኑ ድምር ነው።

እዚህ ጋ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መንገድ መምረጥ ሰዓት ከመምረጥ አይተናነስም። የረመዳን አራተኛው ቀን ነበር። ከሥራ ወጥቼ ፒያሳ ታክሲ ያዝኩና ቦርሳዬን ቤት አስቀምጬ፣ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረድኩ። ቁልቁለቱ ደስ ይላል፣ እግር ራሱ ይሄዳል። ለገሃር ደርሼ ስመለስ ዳገቱ ጠበቀኝ። ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ ጋ ስደርስ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ንብ የሚጮህ ነገር ሰማሁ፣ ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ላብ። አዛን ሊል ገና 25 ደቂቃ ይቀራል። ጥግ ላይ ቆሎ የሚሸጡ እናት አዩኝና ዱካቸውን ገፋ አደረጉልኝ። «ቁጭ በል የኔ ልጅ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ» አሉኝ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በገጠሙበት ዓመት ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ አንድም እርምጃ አልሄድኩም፣ ታክሲ ይዤ ነው የተመለስኩት።

ስህተቱ ሰዓቱ ላይ አልነበረም። ዳገቱን ለመጨረሻ ማስቀረቴ ነው። ፒያሳ የምትኖሩ ቸርችልን ለእርምጃ አትምረጡ፣ ወደ አራት ኪሎም ብትሉ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ መውጣት አለ። ለጥ ያለ መንገድ ከፈለጋችሁ ከመስቀል አደባባይ በስታዲየም በኩል እስከ ሜክሲኮ ያለው ምርጥ ነው፣ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ በግማሽ ሰዓት ተረጋግቶ ይጨረሳል። የእግረኛ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ከመኪና ጋር መጋፋት የለም። እንጦጦን ከዒድ በኋላ ላለው ጊዜ አቆዩት፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

ቴምር ኪስ ውስጥ ያዙ፣ ትንሽ የውሃ ጠርሙስም። አዛኑ መንገድ ላይ ቢይዛችሁ እዚያው ታፈጥራላችሁ። ደግሞም ድንገት የሆነ ነገር ቢፈጠር ያስፈልጋችኋል።

ሦስተኛ፦ በኢፍጣርና በኢሻ መካከል

ከማግሪብ እስከ ኢሻ (የማታ ሰላት) አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ጠባብ ትመስላለች፣ ግን ለጡንቻ ሥራ ከሁሉም የሚሻለው እሷ ናት። ዘዴው ኢፍጣሩን ሁለት ላይ መክፈል ነው። ሦስት ቴምር፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ግማሽ ጎድጓዳ ሾርባ። ማግሪብ ሰገዱ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቤት ውስጥ 25 ደቂቃ ሥሩ፤ ፑሽ አፕ፣ ስኳት፣ ገመድ ካለ ገመድ፣ ባለ 5 ሊትር የውሃ ጀሪካን እንደ ዱምቤል። ከዚያ ዋናውን እራት ብሉ፣ ኢሻና ተራዊህ ሂዱ። ሆዳችሁ ሳይጨናነቅ ትሰግዳላችሁ፣ ይሄ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው።

የሚያስቸግረው ቤተሰብ ነው። ማዕዱ ቀርቦ፣ ሳምቡሳው እየጨሰ፣ እናት «ምን ሆነህ ነው የማትበላው?» እያሉ መነሳት ይከብዳል። እኔ ለእናቴ አስቀድሜ ነገርኳት፣ የኔን ሰሃን ክዳን አድርጋ ታቆይልኛለች። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነም ቅር አይላትም። እንግዳ ያለበት ቀን፣ ወይም መስጂድ ውስጥ የጀመዓ ኢፍጣር ያለበት ቀን ይቅር፤ ከሰው ጋር መቁረሱ ይበልጣል።

ለእናቶችና ለእህቶች ይሄ ሰዓት ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ምድጃ ፊት ቆመው የዋሉት እነሱ ናቸው። ይህን የማያይ ምክር ግማሽ ምክር ነው። ቤት ውስጥ ያላችሁ ወንዶች ሰሃኑን እጠቡና ለእነሱ ያቺን 25 ደቂቃ ልቀቁላቸው።

አራተኛ፦ ከተራዊህ በኋላ ጂም

በጉልበት ብቻ ቢለካ አንደኛ የሚወጣው ይሄ ነው። በልታችኋል፣ ጠጥታችኋል፣ እየሠራችሁም መጠጣት ትችላላችሁ። ከባድ ብረት ማንሳት የሚቻልበት ብቸኛ ሰዓት ነው።

እንቅልፉን ግን እንቁጠር። ተራዊህ 3 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ቀጥታ ቤት የገባ ሰው 4 ሰዓት ላይ ይተኛል፣ ለሱሁር 10 ሰዓት ከሩብ ይነሳል፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ ተኛ። ጂም የሄደው ደግሞ 4 ሰዓት ከሩብ ይጨርሳል፣ 4 ሰዓት ከ45 ቤት ይገባል፣ ሰውነቱ እስኪቀዘቅዝና ልቡ እስኪረጋ 6 ሰዓት ይሆናል። አራት ሰዓት ከሩብ ተኝቶ ይነሳል። አንድ ቀን ይቻላል። እኔ አንድ ዓመት በሳምንት አምስት ቀን እንደዚያ አድርጌ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ወራጅ ሳልል ሁለት ፌርማታ አልፌ ነቅቻለሁ። የማነሳው ኪሎም ቀነሰ እንጂ አልጨመረም፤ ጡንቻ የሚጠገነው በእንቅልፍ ነውና።

ስለዚህ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ብቻ፣ በማግስቱ ሥራ ለሌለው ሰው። የወር ከመክፈላችሁ በፊት በረመዳን እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ጠይቁ፣ በቀን ሒሳብ መክፈል ይቻል እንደሆነም። ሙሉ ወር ከፍሎ ስድስት ቀን መሄድ ብር መጣል ነው። ሴቶች ደግሞ የሴቶች ሰዓት በማታ ፈረቃ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ብዙ ቦታ ያለው ጠዋት ነው። የመመለሻ ትራንስፖርቱንም ቁጠሩ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይሳሳል፣ የኮንትራት ወጪ ይጨመራል።

ባንድ ዓይን

| ሰዓቱ | ውሃ | ጉልበት | እንቅልፍ | ተራዊህ | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ከፈጅር በኋላ | በጣም ሩቅ | ጥሩ | ይነካል | አይነካም | የለም | ማፍታቻ፣ አጭር እርምጃ |
| ከማግሪብ በፊት | ቅርብ | ዝቅተኛ | አይነካም | አይነካም | የለም | እርምጃ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ |
| በኢፍጣርና ኢሻ መካከል | እጅ ላይ | መካከለኛ | አይነካም | አይነካም | የለም ወይም ገመድ | ቤት ውስጥ የጡንቻ ሥራ |
| ከተራዊህ በኋላ | እጅ ላይ | ከፍተኛ | በጣም ይነካል | አይነካም | ጂምና ትራንስፖርት | ከባድ ብረት፣ በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን |

ሱሁር ላይ ምን ይበላ?

ሰዓት መርጦ ሱሁርን የዘለለ ሰው ምንም አልመረጠም። እዚህም ሰው ቤት ባለው ነገር ነው የሚወስነው፣ እና የለመድናቸውን ላወዳድር።

ዳቦ በሻይ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን ነጭ ዳቦና ስኳር ቶሎ ያልቃል፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ሆድ ይጮኻል። የቀይ ወጥ ፍርፍር ያጠግባል፣ ግን ጨውና በርበሬው ቀኑን ሙሉ ያስጠማል፤ ከተፈለገ አልጫ ይሁን። የአጃ ገንፎ በወተት ጥሩ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው።

የኔ ምርጫ በሶ ነው። የተቆላ ገብስ ነው፣ ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ ቃጫ ምግቡን ሆድ ውስጥ ያቆየዋል። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ እሳት ማንደድ የለም፣ በውሃና በማር ብጥብጥ አድርጎ መጠጣት ወይም ጭብጥ አድርጎ መብላት ነው። ከሁለት የተቀቀለ እንቁላል ወይም ከአንድ ኩባያ እርጎ ጋር ከሆነ እስከ አስር ድረስ ይይዛል። ዋጋውም አይጎዳም። ብረት የሚያነሳ ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ85 እስከ 110 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ነው ያለው፣ ስለዚህ ምስሩን፣ ወተቱን፣ ሥጋውን ማታና ሌሊት ላይ ከፋፍሉት።

ውሃ ሱሁር ላይ አንድ ሊትር ባንዴ መገልበጥ አይጠቅምም፣ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ኢፍጣር ላይ ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ እስክትተኙ በየሰዓቱ አንድ፣ ሱሁር ላይ ሁለት። አብሽም፣ ተልባም፣ ሾርባም ይቆጠራል።

ቡናን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ራስ ምታት አብዛኛው የቡና ነው። ሻዕባን (ከረመዳን በፊት ያለው ወር) ላይ ከሦስት ሲኒ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ እያላችሁ ውረዱ። ካፈጠራችሁ በኋላ አንዷን ስኒ ወዲያው ጠጡ። ከተራዊህ መልስ የሚጠጣ ቡና ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት በኋላም ደም ውስጥ አለ፣ እንቅልፉን የሚበላው እሱ ነው።

እንደየሰው

ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል፦ በሳምንት አራት ቀን ከማግሪብ በፊት እርምጃ፣ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ 25 ደቂቃ። ምንም ወጪ የለውም። እኔ አሁን ያለሁት እዚህ ላይ ነው።

መርካቶ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ፣ ዕቃ ለሚያወርድና ለሚጭን፦ ተጨማሪ ስፖርት አያስፈልጋችሁም። ሥራችሁ ራሱ ስፖርት ነው። ያላችሁን ጊዜ ለእንቅልፍ ስጡት፣ ከባዱን ጭነት በተቻለ መጠን ጠዋት ጨርሱ፣ ከዙሁር በኋላ አንዋር መስጂድ ጥላ ውስጥ 20 ደቂቃ አረፍ በሉ።

ጡንቻው እንዳይቀንስ ለሚፈራ፦ ሁለት ቀን በኢፍጣርና በኢሻ መካከል፣ አንድ ቀን ቅዳሜ ከተራዊህ በኋላ። የምታነሱትን ኪሎ አትጨምሩ፤ ያላችሁን ይዛችሁ መውጣት በቂ ነው።

ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ፦ እርምጃውን ያዙ፣ ሳምቡሳውን በሁለት ወስኑ፣ ሙሸበክና ለስላሳውን ለዒድ አቆዩ። ከስፖርቱ ይልቅ ይሄ ነው የሚሠራው።

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ችግር ላለበትና ለነፍሰ ጡር፦ ከዚህ ጽሑፍ በፊት ሐኪም። የመድኃኒት ሰዓት ረመዳን ሳይገባ ነው የሚስተካከለው። የስኳር ታማሚ ደሙን ለክቶ ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ካሳየው ወዲያው ማፍረስ አለበት፣ አዛን ሊል አምስት ደቂቃ ቢቀረውም። ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣው ቁርኣን ራሱ ፈቅዷል፣ ሱረቱል በቀራ ላይ።

ጤነኛም ብትሆኑ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ዓይን ጭልም ማለት ከመጣ ቁሙ፣ ተቀመጡ። ካልለቀቀ ጠጡ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምንም አትሥሩ፣ ሰውነት ይልመድ። በመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች ደግሞ ተሀጁድ (ተጨማሪ የሌሊት ሰላት) ይጨመራል፣ እንቅልፉ እንደገና ይቀንሳል። ያኔ ጡንቻውን ሙሉ በሙሉ ተዉት፣ የምሽቷን እርምጃ ብቻ ወደ 15 ደቂቃ አሳጥራችሁ ያዙ።